የአምስት ቀኑ እንግዳ «ቤቶች!» ሲል

ይድረስ በገዛ ቤቱ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይል ለነበረው ለአባዬ፣

ከሄድክ አስራ አራት ወር ሆነ። እማዬ በቀን ትቆጥረዋለች፤ እኔ በዝናብ ነው የምቆጥረው። ሁለት ክረምትና አንድ በጋ ያለ አንተ አለፈ።

«አንተ» ስልህ እንዳይከፋህ። እማዬ ይህን ወረቀት ብታየው «ለሞተ አባትሽ እንኳ አንቱ ማለት ያቅትሻል?» ብላ በጫማ ታሯሩጠኛለች። ግን የከለከልከኝ አንተው ነህ። «አንቱ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሽማግሌ የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ» ብለኸኛል።

በአማርኛ የጻፍኩትም አውቄ ነው። እህትህ አጀቡሽ፣ እላይ ያሉት ሁሉ በዕብራይስጥ ነው የሚነጋገሩት ትላለች። ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ጊዜ ኡልፓን ገብተህ ዕብራይስጥ ልትማር፣ ሦስቱንም ጊዜ መምህሯን አማርኛ አስተምረህ የወጣህ ሰው በአስራ አራት ወር ተለውጠሃል ብዬ አላምንም። ፊደል ያስቆጠርከኝም ለዚህ ቀን ይሆናል። ስህተት ካገኘህ ያስተማረኝን ሰው ውቀስ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አሁንም ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር፣ አሁንም አራተኛ ፎቅ ነን። የሕንጻው ኮሚቴ ስለ አሳንሰር አሁንም ይሰበሰባል፣ አሳንሰርም አሁንም የለም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ምንም አላመለጠህም። ገበያው በር ላይ ትቀመጥበት የነበረውን የፕላስቲክ ወንበር የሥራ ጓደኞችህ አምጥተውልን በረንዳ ላይ አለ። ማንም አይቀመጥበትም ብለን ተስማምተን ነበር። አጀቡሽ አንድ ቀን «ወንድሜ ነው» ብላ ተቀመጠችበትና እግሩ ተሰነጠቀ። እሷ «ወንበሩም አዝኖ ነው» ትላለች። እኔ ሌላ ምክንያት ይታየኛል፤ ግን እንዳንተ ጨዋ ስለሆንኩ አልናገርም።

ብዙው ነገር እንደነበረ ነው። ማታ ማታ ብቻ፣ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ ቤቱ ጆሮውን ያቆማል።

ታስታውሳለህ? ቀኑን ሙሉ ገበያው በር ላይ ሾሜር፣ ጠባቂ፣ ሆነህ የሰው ቦርሳ ስትከፍት፣ «ምን ይዘሃል? ወዴት ነህ?» ስትል ትውላለህ። ከዚያ አራት ፎቅ ወጥተህ፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ እያለ፣ በራችን ላይ ቆመህ ጉሮሮህን ትጠርግና «ቤቶች!» ትላለህ። ደወል አለ፤ አትነካውም። ስልክ አለ፤ አትደውልም። ጎንደር ገጠር ውስጥ በአጥር ላይ እንደሚጣራ ሰው ነው የምትጣራው። ሞሮኮያዊቷ ጎረቤታችን ለስንት ዓመት «ለዚህ ባልሽ ቁልፍ አይሰጡትም?» እያለች እማዬን ጠይቃለች። እማዬ ግን ሁለተኛ ሳትጣራ ከውስጥ «ይግቡ፣ ቤትዎ ነው!» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው።

የኔንም ድርሻ ታውቃለህ። እማዬን ቀድሜ «ማንም የለም!» እላለሁ። አንተ ከውጭ «ማንም ከሌለ ይህች የምትለፈልፈው ማን ናት?» ትላለህ። «ሬድዮ ነው!» እላለሁ። «እንግዲያው ዝጉት፣ ባትሪ ይጨርሳል!» ትላለህ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ቀልድ፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሳቅ። ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሄደን እንኳ፣ በራሱ የሚከፈተው የመስታወት በር ፊት ቆመህ «ቤቶች!» አልክ። በሩ ተከፈተ። ወደ እኔ ዞረህ «አየሽ፣ ጨዋ በር ነው» አልከኝ። ያን ቀን በሐፍረት ልቀልጥ ነበር። አሁን በዚያ በር በገባሁ ቁጥር ከንፈሬን እነክሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ስለ ታላቅ እህቴ ስለ ትርንጎ።

አንተ በሕይወት እያለህ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት የተዘጋጀ ሽል ማህፀኗ ውስጥ ገብቶላት ሁለቱም ጊዜ አልያዘም። ሁለተኛው ባልያዘ ቀን ምን እንዳደረግህ አልረሳሁም። አንዲት ቃል አልተናገርክም። ወርደህ የመኪናዋን አራቱን ጎማ ነፋህ። እሷ መስኮት ላይ ቆማ እያየችህ አለቀሰች፣ ከዚያም «ምንም አልጎደለውም ነበር እኮ» ብላ ሳቀች።

የቀረው አንድ ሽል ነበር፤ በቅዝቃዜ የተቀመጠ፣ አንድ ብቻ። ትርንጎ ለባሏ ለማሩ «ይህ ካልያዘ መርፌውን እንደገና አልጀምርም፤ ሰውነቴ ደክሟል» ብላዋለች። ማሩን ታውቀዋለህ፤ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ እንደምን አደራችሁ እንኳ ፌርማታ ሲደርስ ብቻ ነው የሚለው። ያን ቀን ግን «እሺ» ከማለቱ በፊት ረጅም ጊዜ ዝም አለ ብላኛለች። ከማሩ ዝምታ ዝምታን መለየት የምትችል ሚስቱ ብቻ ናት።

ከመጨረሻው ሙከራ በፊት ሐኪሟ ጠርታን ሄድን። እማዬን ማንም አልጠራትም ነበር፤ ነጠላዋን ለብሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ነው ያገኘናት። እኔ የሄድኩት ለማስተርጎም ነው። ትርንጎ የሕክምናውን ነገር በአማርኛ አታውቀውም፤ በዚያ ላይ ስለ ማህፀኗ ለእናቷ ከመናገር በክረምት ባሕር ብትገባ ትመርጣለች።

ሐኪሟ ከሩሲያ የመጣች ረጅም ሴት ናት፤ ዕብራይስጧ ካንተ ትንሽ ይሻላል። ወረቀት ላይ ክብ ሣለችና ሽሉ ይህ ነው አለች። አምስት ቀኑ ነው፤ የጨው ቅንጣት አያክልም። ማህፀን ውስጥ ሲገባ ከለበሰው ስስ ቅርፊት እንደ ጫጩት ይወጣና መናገር ይጀምራል። አፍ ስለሌለው በኬሚካል ነው የሚናገረው። ለማህፀኑ ግድግዳ «መጥቻለሁ» ይላል፤ ግድግዳውም በራሱ ኬሚካል ይመልስለታል፤ ሁለቱ ከተግባቡ ይጣበቃል። ሲጣበቅ ደግሞ ወደ እናቲቱ ደም ሆርሞን ይለቃል። ያ ሆርሞን እንቁላሉ ወደ ወጣበት ቦታ ሄዶ «ሥራችሁን አታቁሙ፣ ሰው መጥቷል» ይላል። ይህ መልእክት ካልደረሰ ሰውነት ማንም አልመጣም ብሎ እንደየወሩ ቤቱን ያጥባል፤ እንግዳውም ከእጣቢው ጋር ይሄዳል።

ሌላም አለች። ሽሉ ግማሹ ከማሩ ስለሆነ ለትርንጎ ሰውነት ባዳ ነው። በደሟ ውስጥ ደግሞ ባዳን የሚያባርሩ ጠባቂዎች አሉ። ሽሉ ለእነሱም መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ሲገባቸው ያሳልፉታል፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ቦታ ያመቻቹለታል።

እንግዲህ ይህን ለእማዬ ተርጉሚ! በባዮሎጂ ጎበዝ ነኝ፤ በአማርኛ ባዮሎጂ ግን ፊደል ያልቆጠርኩ ነኝ። ትርንጎ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፣ ማሩ ጫማውን ያያል፣ እማዬ ደግሞ እኔን ታያለች። አፌ ላይ የመጣውን አልኩ።

«እማዬ፣ ልጁ ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል። ከውስጥ የሚመልስለት ካገኘ ይገባል። ካጣ ይመለሳል።»

የጠባቂዎቹን ነገር ስነግራት ደግሞ ቶሎ ገባት። «የአባትሽ ሥራ ነዋ» አለች፤ «ሾሜሮች ናቸው።» ማሩ ግማሽ ባዳ በመባሉ የተቀየመ መሰለኝ።

ከዚያ እማዬ ዝም አለች። እማዬ ዝም ስትል ታውቃለህ፤ በዓመት አንድ ጊዜ እንደሚመጣ በዓል ነው። ነጠላዋን ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች፣ ጠመጠመች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሟ፣ በአማርኛ፣ እንደሚገባት ቆጥራ መናገር ጀመረች።

በትርንጎና በእኔ መሃል ሁለት ጽንሶች ተመልሰዋል አለች።

አባዬ፣ አንተ ታውቅ ነበር፤ እኛ አናውቅም። በመሃላችን ያለው አስራ ሰባት ዓመት ለእኔ ቀልድ ነበር። «መንገድ ላይ ሻይ ስትጠጪ ቆየሽ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሻይ የምወደው ለዚህ ነው እልህ ነበር። ለካ እማዬ በዚያ ዘመን ቴል ሞንድ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ትሠራ ነበር። ማሽኑ ጆሮ ይነሳል አለች። ሁለቱም የተመለሱት እዚያ እየሠራች ነው። «እንዲህ እንደሚጣሩ ማን ነገረኝ?» አለች። «እኔ ሳልሰማቸው ቀርቼ ነው የሄዱት? ጠይቂልኝ እስቲ፤ ጮክ ብለው ነው የሚጣሩት ወይስ ቀስ ብለው?»

ይህን መተርጎም አቃተኝ። ቃሉ ግን ጠፍቶኝ አልነበረም። የተረጎመችው ትርንጎ ናት። ያቺ ለእናቷ ስለ ማህፀን ከመናገር ባሕር የምትመርጠው ትርንጎ፣ የእማዬን እጅ ይዛ፣ ቃል በቃል ተረጎመችው።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ንገሯት» አለች፤ «ከሚመለሱት ብዙዎቹ ከውስጥ የሚሰማ አጥተው አይደለም። ገና ሲሠሩ አንድ ነገር ተሰናክሎባቸው ለመጣራት አቅም አጥተው ነው። የማሸጊያ ቤት ጩኸት እዚያ አይደርስም። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም።» እማዬ ይህን ሰምታ እንደገባው ሰው ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ግን ወዲያው ቀጥላ «እሺ፣ ለሚችለውስ? የሚመልስለት በትክክል ማነው?» አለች። ሐኪሟ ሳቀችና «ግማሹን እናውቃለን፤ ግማሹን ገና እየፈለግን ነው» አለች።

እማዬ ይዛ የወጣችው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ደረጃው ላይ «ሰምተሻል?» አለችኝ። «ማን እንደሚመልስለት እነሱም አያውቁትም። ታዲያ እኛ ምን ሆነን ዝም እንላለን?»

ትርጉሜ ምን እንዳመጣ እንግዲህ ስማ።

ሽሉ ሰኞ ገባ። ትርንጎ የጥበቃውን አስር ቀን እኛ ጋ ልትቆይ መጣች። አጀቡሽም ከነጓዟ መጣች። እኒህ ሁለት ሴቶች፣ ለተጣራ እንግዳ መልስ የነፈገ ቤት እንዳይባሉ፣ በተራ ይመልሱ ጀመር። ትርንጎ ሶፋው ላይ ተኝታ ስልኳን ስታይ አጀቡሽ በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር ወደ ሆዷ ጎንበስ ብላ «ግባ የኔ ጌታ፣ ግባ» ትላለች። እማዬ ከወጥ ቤት «ሴትስ ከሆነች?» አለች። አጀቡሽ አሰበችና «እንግዲያው ግቡ ልበል፤ አንቱታ ለሁለቱም ይሆናል» አለች። የአምስት ቀን ሽል አንቱ ተባለ፤ አንተን አንተ ብዬ ቁጣ የሚወርድብኝ ግን እኔ ነኝ!

በሦስተኛው ቀን ተጣሉ። አጀቡሽ፣ ሰው ሲጣራ መጀመሪያ «ማን ልበል?» ተብሎ ይጠየቃል አለች። እማዬ ቱግ አለች። «ደጅ ቆሞ የሚጠየቅ እንግዳ የት አገር አይተሻል? ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ከዚያ ይጠየቃል!» አጀቡሽ «ወንድሜ ዕድሜ ልኩን በር ላይ ሲጠይቅ አይደል እንጀራ የበላው?» አለች። «እሱ ገበያ ነው! ይህ ቤት ነው!» አለች እማዬ። ትርንጎ ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ ስትንቀጠቀጥ አየኋትና አለቀሰች ብዬ ሮጥኩ። እየሳቀች ነበር። ከስንት ወር በኋላ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ግን እማዬ ሌላ ነገር አሰበች። የጨው ቅንጣት የማያክል ነገር ድምፁ ምን ያህል ይሆናል? ማሸጊያ ቤቱ ከልቧ አልወጣም ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። ልብስ ማጠቢያው ቆመ። የትርንጎ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ሣጥን ውስጥ ገባ። እኔ እንድንሾካሾክ ታዘዝኩ፤ ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ሐሙስ ማታ ደግሞ እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ የበሩን ደወል ሽቦ በቢላ ቆረጠችው። «እንግዳ እየጠበቅን ሌላ ሰው እንዳይጮህብን» አለች።

ዓርብ ቀን መልእክተኛው መጣ።

ሐኪሟ የሽሉ ድምፅ እስኪጠነክር በመድኃኒት እናግዘዋለን ብላ ነበር፤ ሰውነት ቤቱን እንዳያጥብ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ትርንጎ የያዘችው ዓርብ ማታ ያልቅ ነበር፤ አዲሱ ዓርብ በመልእክተኛ እንደሚመጣ ተነግሯታል። መልእክተኛው መጥቶ ደወሉን ተጫነ። ስልክ ደወለ። ከዚያ ሄደ። እኛ በውስጥ ሆነን፣ ጆሯችንን አቁመን፣ ለማይሰማ ድምፅ «ግቡ፣ ግቡ» እያልን፣ የሚሰማውን ሳንሰማ ቀረን።

ትርንጎ ስልኳን ከሣጥን ስታወጣ መልእክት አገኘች፤ ዕቃው ነቬ ኢታማር ሰፈር ያለች ሱቅ ተቀምጧል፣ ሱቋ ለሰንበት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትዘጋለች፣ ዳግም የምትከፈተው እሁድ ነው። ሰዓቱ ከሃያ ደቂቃ በታች ነበር የቀረው። ማሩ አውቶቡሱን ይዞ ሐይፋ መንገድ ላይ ነው። ትርንጎ ልትነሳ ስትል ሁለቱ ሴቶች በሁለት በኩል ያዟት። የእማዬን ፊት ያን ጊዜ ባታየው ይሻልሃል። ሽቦውን የቆረጠችበትን እጇን በሌላው እጇ ይዛ ቆመች።

እኔ ያንተን ብስክሌት አወጣሁ። ከሄድክ ጀምሮ ማንም አልነዳውም፤ ጎማው ተንፍሶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። በኋላ ነው የሰማሁት፣ በየወሩ እየመጣ የሚነፋው ማሩ ነው። ለማንም አልተናገረም። ይህን ሰው ለልጅህ የመረጥክላት አንተ አልነበርክም፤ ግን ብትመርጥም ከዚህ የተሻለ አታገኝም።

ስደርስ የሱቋ የብረት መዝጊያ ወርዶ መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ባለሱቁ ከውስጥ «ተዘግቷል! እሁድ!» አለና ጭርሱን አወረደው። ደበደብኩት። በዕብራይስጥ ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ መልሼ ለመንኩ። ከውስጥ የሬድዮ ዘፈን ይሰማል፣ የእኔን ድምፅ ግን ማንም አልሰማውም። እዚያ ቆሜ፣ መዳፌ በብረቱ ቀልቶ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው አፌ ራሱን ከፍቶ ጮኸ።

«ቤቶች!»

ሬድዮው ቀነሰ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ሳታስብበት፣ ሁልጊዜ ስትለው እንደኖረች ሆና፣ «ግቡ! ማን ልበል?» አለች።

አባዬ፣ ከጥሪዬ እስከ መልሷ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። በዚያች ሦስት ሰከንድ ግን ያን ማታ ደጅ ያቆምኩህን ያህል ቆምኩ።

ያን ማታ እማዬ ለቅሶ ቤት ሄዳ ነበር። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለባግሩት ፈተና እያጠናሁ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ አድርጌአለሁ። ስንት ጊዜ እንደተጣራህ አላውቅም። ቀና ስል ኮሪደሩ ላይ ጫማህን ስታወልቅ አየሁህ። ሳይመለስልህ፣ በገዛ ቁልፍህ ገብተህ። «ሬድዮው ዛሬ ባትሪ ጨረሰ?» ብለህ ሳቅክ፣ እራትህን በልተህ ተኛህ። በማግስቱ ገበያው በር ላይ፣ ወንበርህ ላይ እንደተቀመጥክ፣ ልብህ ቆመ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ሐኪሟ ለእማዬ «ያጠፋሽው ነገር የለም» ስትላት ለራሴም ልወስደው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እነዚያ ሁለቱ መጣራት አቅቷቸው ነው፤ አንተ ግን ጮክ ብለህ ነው የተጣራኸው።

መዝጊያው እስከ ጉልበቴ ተነሳ። ከሥሩ መጥረጊያ የያዘች አሮጊት ሁለት ዓይን አየኝ። ሱቁን የምታጸዳ ያገራችን ሰው ናት፤ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፣ እሷም አታውቀኝም። «የማን ልጅ ነሽ?» አለች፤ ነገርኳት። እየተንተባተብኩ የመድኃኒቱን ነገር ነገርኳት። ወደ ባለሱቁ ዞራ ያላትን ዕብራይስጥ ሁሉ አወጣች፤ አራት ቃል ነበር፦ «ሕፃን። መድኃኒት። ሰንበት። ቶሎ!» ያንተው አራት ቃል ያህል ዕብራይስጥ! ሰውዬው መጥረጊያውን አየ፣ እሷን አየ፣ ዕቃውን አመጣ።

ቤት ስደርስ እማዬ አራቱን ፎቅ ወርዳ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ካርቶኑን ሳይሆን እኔን አቀፈች። ሐኪሟ በኋላ፣ አንድ ቀን ብታሳልፍ ያን ያህል አያሰጋም ነበር አለችን። ያን ቀን ግን ይህን የነገረን አልነበረም፤ ትርንጎም መድኃኒቱን በሰዓቱ ወሰደች። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ደወሉ ብቻ እንደተቆረጠ ቀረ።

በቀጣዩ ሐሙስ ጠዋት ለእርግዝና ምርመራ ደም ሰጠች። ውጤቱን ራሷ ማየት ስላልቻለች የይለፍ ቃሏን ሰጠችኝ። የልደት ቀንህ ነው፤ ጃንዋሪ አንድ፣ ወረቀት የሚሞላው ሰውዬ አየር ማረፊያ ላይ የወለደህ ቀን። ከትምህርት ቤት ስወጣ ፌርማታው ላይ ቆሜ ከፈትኩት። አነበብኩት። ስልኩን ዘግቼ እንደገና ከፍቼ አነበብኩት። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ።

አራቱን ፎቅ ወጣሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ልከፍት ብዬ ተውኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ድምፄ ስለደረቀ ጎርናና ሆኖ ወጣ።

«ቤቶች!»

ከወጥ ቤት፣ እማዬ ሳታስብ፣ ሁለተኛ ሳታስጣራኝ፣ «ይግቡ፣ ቤትዎ ነው!» አለች።

ከዚያ አንድ ነገር ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ፤ ማንኪያ ይመስለኛል። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ እኔም ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። በዚያ በር ላይ ያቺ ቃል ከተሰማች ከዓመት በላይ ሆኗታል። መጨረሻ ላይ የትርንጎ ድምፅ ከበሩ ጀርባ፣ በጣም ቀጭን ሆኖ መጣ።

«ስንት ናችሁ?» አለች።

«ሁለት ነን» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አይቻልም። አጀቡሽ እልል ስትል እማዬ አፏን በእጇ አፈነቻት፤ «ቀስ! ይደነግጣል!» እያለች፤ ከዚያ ራሷ ከአጀቡሽ የባሰ እልል አለች። ሞሮኮያዊቷ ጎረቤት ሮጣ ወጥታ፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ በራሷ አገር ወግ አብራ እልል አለች። ማሩ ማታ መጣ። ዕቃ የያዘ ይመስል ሁለት እጁን አንድ ላይ አጣምሮ ቆመና «እሺ» አለ። ያቺ «እሺ» ግን ሌላ ነበረች፤ እሷን እኔም ለየኋት።

አሁን የልብ ምቱም ታይቷል። ሐኪሟ ገና ነው፣ ተጠንቀቁ ትላለች። እማዬም ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብላኛለች፤ ሆድ በወሬ አያድግም። ለአጀቡሽ ግን ይህን የነገራት የለምና ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ በምስጢር ነግራለች። ይህ ደብዳቤ ከሰው እጅ ከገባም ያስገባችው እሷ ናት።

የደወሉን ሽቦ ልቀጥለው ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። ትርንጎ «ተዪው» አለችኝ። ተውኩት። ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሁሉ እንዳንተ በአፉ ይጣራ። እኔም አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ ሙዚቃ ስሰማ አንዱን ጆሮዬን ክፍት እተዋለሁ። በቀኙ የፈለግሁትን እሰማለሁ። ግራው የአንተ ነው፣ ዕድሜ ልኬን።

ለሚመጣው ልጅ ብዙ ነገር አስተምረዋለሁ፦ ፊደል፣ ብስክሌት፣ አጀቡሽ ስትቆጣ የት እንደሚደበቅ። ገበያው በር ላይ የሰውን ሁሉ ቦርሳ ፈትሾ ማታ በገዛ ቤቱ ደጅ ፈቃድ ይጠይቅ ስለነበረ አያቱም እነግረዋለሁ። «ቤቶች!» ማለትን ግን አላስተምረውም። እሱን ችሎ ነው የመጣው።

ባትሪዋ ያላለቀው ሬድዮህ፣
ኦርሊ